ግንባር የሌለው ተጓዥ

ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የሰማ ሊኖር ስለሚችል ነው። እነሱ ሲያወሩት አንድ ቦታ ላይ መልአክ ይገባበታል። እኔ በነበርኩበት ሰዓት መልአክ አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሬ ነበረ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳተላይት ነበረ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ፓርክላንድስ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ናይሮቢ ስንገባ ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን ስዋሂሊ ከኔ በላይ፣ አማርኛ ከኔ በታች ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ቀረች፤ እሷና ሦስት ጓደኞቿ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ሆነው ሳተላይቱን ሠሩ። ስም አውጥተውለታል፤ እኛ ቤት ግን “ዕቃው” ነው የሚባለው። ማታ ስትገባ “ዕቃው እንዴት ዋለ?” እላታለሁ፤ “ደኅና ዋለ” ትለኛለች። የሰው ጤና እንኳ እንዲህ አዘውትሬ አልጠይቅም።

ዕቃው ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ያስረዳችኝ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ወደምንኖርበት ካሳራኒ ስንመለስ ቲካ መንገድ ተዘግቶብን። በከዋክብት መካከል ያለው ቦታ ባዶ አይደለም አለችኝ። ጋዝ አለበት፤ ጋዙም ሚሊዮን ዲግሪ ይሞቃል።

“ታዲያ እንዴት አላቃጠለንም?” አልኳት።

“በጣም ስስ ነው። መሃሉ ብትቆሚ የሚነካሽ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሙቀቱ አለ፣ የሚሞቀው ነገር ነው የሌለው።”

በዚህ ነገር ላይ ሳሰላስል መውረጃችን ሊያልፈን ነበር። ጋዙ በዓይን አይታይም፤ ግን ደካማ ኤክስሬይ ያወጣል፤ ዕቃው ደግሞ ያንን የሚያይ ዓይን አለው። ከምድር ሆኖ ማየት አይቻልም፣ አየራችን ይጋርደዋል። ስለዚህ መሄድ አለበት። መታየቱ ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቃት፣ ሳይንቲስቶች በዓለም ውስጥ መኖር ያለበትን ሁሉ ደምረው ሲያበቁ ብዙው የት እንደገባ አላወቁም አለችኝ። ምናልባት በጋላክሲያችን ዙሪያ በዚህ ትኩስ ጋዝ ውስጥ ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ። የጠፋ ነገር ፍለጋ መሆኑን ስሰማ ወዲያው ገባኝ። ስደተኛ የጠፋ መፈለግ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም።

አሁን ስለ ጠርሙሱ ልናገር። እሁድ እሁድ ሁርሊንግሃም አካባቢ በምንከራየው አዳራሽ አንድ ልማድ አለን። ከመካከላችን ጉዳዩ አልቆለት የሚበርበት ቀን የተቆረጠለት ሰው ወደ ፊት ይወጣል፤ ሽማግሌዎቹ እጅ ይጭኑበታል፤ ግንባሩ በዘይት ይቀባል። ዘይቱን የምይዘውም የምቀባውም እኔ ነኝ። ጠርሙሱ ድሮ የሳል መድኃኒት የነበረበት ትንሽ ጠርሙስ ነው። ውስጡ የወይራ ዘይት አለ፤ ሽቶ የምትሸጥ አንዲት እህት ደግሞ ጽጌረዳ ጠብ ታደርግበታለች። ያለዚያ ወጥ ወጥ ይሸታል ባይ ናት። ከቀሚሴ ኪስ አይለይም።

ስንት ግንባር እንደቀባሁ አላውቅም። የቀባኋቸው ሁሉ ሄደዋል፤ ካናዳ ያሉ አሉ፣ አውስትራሊያ ያሉ አሉ፣ አንዱ ኖርዌይ ሆኖ በየገናው የበረዶ ፎቶ ይልክልኛል። የኔና የልጄ ወረቀት አሁንም በመታየት ላይ ነው። ስለዚህ ተጓዥ ሳይ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ልጄ ግን ዐሥራ አራት ዓመት ከሞላት ወዲህ ግንባሯን አስነክታኝ አታውቅም። መጀመሪያ ብጉር ያወጣብኛል ትል ነበር፤ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው።

ላቦራቶሪ የገባሁት በሙያዬ ነው። ዕቃውን ሲነኩ የሚለብሱት ነጭ ቱታ ከውጭ የመጣ ነው፤ ልኩ አንድ ብቻ፣ የተሰፋውም ለረጅም ወንድ ነው። ልጄ አጭር ናት። እጅጌው ከጣቷ አልፎ ይንጠለጠላል፤ በተንጠለጠለ እጅጌ ደግሞ ብሎን አይጠበቅም። እንዳሳጥርላት አንድ ቅዳሜ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መማሪያ ክፍል ነው፤ መሃሉ ላይ በወፍራም ላስቲክ የተሠራ ድንኳን አለ፤ የተጣራ አየር እየነፋበት ይውላል። እኔ ሥርዓት ያለው ሥራ ደስ ይለኛል። ጫማ አውልቂ አሉኝ፣ አወለቅኩ። ጸጉር ሸፍኚ፣ ሸፈንኩ። ማስክ፣ ጓንት፣ ቱታ፣ ሁሉንም አደረግኩ። ቦርሳሽን ውጪ ተዪ አሉኝ፣ ተውኩ። ስለ ኪስ የጠየቀኝ ሰው የለም። ልጄ የጽዳት መዝገቡ ላይ “ጎብኚ አንድ፣ ከእኔ ጋር” ብላ ጽፋ ፈረመች።

ዕቃውን ያን ቀን ነው በዓይኔ ያየሁት። ጎኑ ጥቁር የፀሐይ ሰሌዳ ነው፤ ፊቱ ላይ ሳንቲም የምታህል ጥቁር ክብ አለች።

“ይቺ ምንድን ናት?”

“ዓይኑ ናት። መንካት አይደለም፣ አጠገቧ እንኳ አይተነፈስም።”

“ከዓይኑ በላይ ያለውስ? ግንባሩ?”

“ፍሬም ነው። ማሚ፣ ሳተላይት ግንባር የለውም።”

ወዲያው ስልኳ ከድንኳኑ ውጪ ጮኸ። የሚጠብቁት ዕቃ በር ላይ መጥቶ ነበር፤ ካልፈረመች ሊመልሱት ነው። “አራት ደቂቃ” አለችኝ። “ማሚ፣ ፕሊዝ፣ ኡሲጉሴ ኪቱ።” ምንም እንዳትነኪ ማለቷ ነው። ትእዛዟን ማጥበቅ ስትፈልግ ወደ ስዋሂሊ ትሄዳለች።

የመጀመሪያውን ደቂቃ የቱታውን እጅጌ ለካሁ። ከዚያ ዕቃውን አየሁት። የሚሄድበት ቀን ተቆርጧል። የሚሄድበት ቦታ የሚቀበለው ሰው የለም። ሲሄድም ማንም ምንም አላለለትም፣ ብሎን ብቻ ነው ያጠበቁለት። ከቱታው ሥር ካለው ከቀሚሴ ኪስ ጠርሙሱን አወጣሁ። በጓንት ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በጓንት የተቀባ ተጓዥ አይቼ አላውቅም፣ ንቀት መሰለኝ። የቀኝ እጄን ጓንት አወለቅኩ። ከዓይኑ በላይ፣ ዓይኑን ሳልነካ፣ አንዴ ብቻ ቀባሁት። “መንገድህን ያቅናልህ” አልኩት፤ ይህን ለሁሉም እላለሁ። “ደርሰህ ያየኸውን ንገረን” ብዬም ጨመርኩ፣ ሥራው እሱ ስለሆነ።

ልጄ ስትመለስ ጓንቴን አድርጌ እጅጌ እየለካሁ ነበር።

“ምንም አልነካሽም አይደል?”

“ልብስ ነው የምለካው” አልኳት። ልብስ እየለካሁ ስለነበር ውሸት አልነበረም።

ከሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ማክሰኞ፣ ልጄ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ሰኞ ዕለት ዕቃውን በልዩ መብራት ሲፈትሹት ከዓይኑ በላይ የጣት ዱካ ያለበት ቅባት አግኝተውበታል።

“ቅባት ምን ያደርጋል?” አልኳት።

“እዚህ ምንም አያደርግም። እዚያ ግን አየር የለም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይተንና ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ቦታ ላይ ሄዶ ያርፋል። የሚቀዘቅዘው ዓይኑ ነው።”

“እሺ ከዚያስ?”

“ከዚያማ ዕውር ነው፣ ማሚ።”

እጄ ላይ መርፌ ነበር፣ የሰካሁበትን አላስታውስም፤ በማግስቱ ከሶፋው ውስጥ ወጣ። ከዚያ “ማን ነካው?” ብዬ ጠየቅኩ። ይህን የጠየቅኩት እኔ መሆኔ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

“አልታወቀም” አለች። “መዝገቡ ላይ ፊርማው የኔ ነው። ስለዚህ የነካው ካልታወቀ የነካሁት እኔ ነኝ። ዐርብ ይወስናሉ። ከቡድኑ የሚያስወጡኝ ይመስለኛል።”

ሦስት ዓመት የለፋችበት ሥራ ነው። ወረቀቷ ከኬንያ አያስወጣትም። ጓደኞቿ ለስብሰባ ወደ ውጭ ሲሄዱ እሷ እዚህ ቀርታ ፎቶ ትቀበላለች። ከእጇ የወጣ ነገር ግን ሊሄድ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ነው በአንድ ጣቴ የነካሁት።

ቀጥላ ያልጠበቅኩትን ተናገረች። “ነገ ጸሎታችሁ ላይ እመጣለሁ። እንድትጸልዩልኝ ነው። የነካው ሰው እንዲገለጥ።” ልጄ የረቡዕ ጸሎት ከረገጠች ዓመታት አልፈዋል።

የረቡዕ ጸሎታችን በምሳ ሰዓት በሽቶ ሻጯ እህት ቤት ነው። ስድስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ነበርን። ልጄ ነገሩን በአጭሩ አስረዳች፤ ጠርሙሱ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። ሽቶ ሻጯ ጎድሏል ብላ ዘይት ጨመረችበት፤ ጽጌረዳውንም ጠብ አደረገች። ቤቱ በመዓዛው ታወደ። ሽማግሌው “አይዞሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አሏት። እናቷ ስለሆንኩ እኔ ልምራ ተባለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩና “ጌታ ሆይ፣ ይህን ያደረገውን ሰው አንተ ታውቀዋለህ” አልኩ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር። ሽቶ ሻጯ “ግለጠው” አለች። ሌሎቹ “አሜን” አሉ። “የተሰወረውን አውጣው”፣ “አሜን”። አንዲት እህት ረጅም ወንድ እንደታያት ተናገረች። እዚህ ላይ አንድ ዓይኔን ከፈትኩ። ልጄ ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍታ እኔን ታያለች። አስተያየቷ የቁጣ አይደለም። ምንም አልወፈርኩም የሚል ደንበኛን ወገብ ስለካ እኔ ደንበኛውን የማይበት አስተያየት ነው። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ። በዚያ ቤት ከተባሉት አሜኖች ሁሉ የኔ ትንሹ ነበር።

ስንወጣ ሳልጠይቃት “ፕሮፌሰሩ ነገ እስከ ዐሥር ሰዓት ቢሮው አለ” አለችኝ። እንዲያው ለወሬ ያህል መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የተማሪ ኮት ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ገጠምኩ። ይህ በሥራ ዘመኔ አጋጥሞኝ አያውቅም። ኮቱን አስቀምጬ ራሴን መረመርኩ። ፈርቻለሁ። ፕሮፌሰሩን አይደለም፤ ከሥራዋ ያስወጣኋት እኔ መሆኔን ስታውቅ የልጄን ፊት ማየት ነው የፈራሁት። በሌላ በኩል ደግሞ ዝም ካልኩ ያንኑ ፊት ዕድሜ ልኬን ሳየው ልኖር ነው። ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ።

ፕሮፌሰሩ “ካሪቡ፣ ማማ” ብለው ተነሥተው ተቀበሉኝ። የቱታው ጉዳይ መስሏቸዋል። ጠርሙሱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና “ይህ ነው” አልኩ። የኔ ስዋሂሊ የዚፕና የአዝራር ስዋሂሊ ነው፤ ለመቀባት የሚሆን ቃል የለውም። “በደኅና እንዲሄድ ብዬ ግንባሩን ዘይት አስነካሁት” አልኳቸው። እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

“የምን ዘይት?”

“የወይራ። ትንሽ ጽጌረዳ አለበት።”

ከፍተው አሸተቱት። ከዚያ ልጄን አስጠሩ። ገብታ እኔን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፤ ምንም አልገረማትም።

“ሎሽን ነው ብለሽኝ ነበር” አሏት።

ይህን መስማቴ ገና ነው። ልጄ ቅባቱ የተገኘ ዕለት “ረስቼ በባዶ እጄ ነክቼዋለሁ፣ የእጄ ሎሽን ነው” ብላቸው ኖሯል። ችግሩ ሎሽን ሲሊኮን ሊኖረው ይችላል፤ ሲሊኮን ደግሞ ተጠርጎ አይለቅም። ስለዚህ ፍሬሙን ጥለው ሌላ ለማሠራት ወስነው ነበር፤ ሌላ እስኪሠራ ሮኬቱ ላይ የተያዘላቸው ቦታ ያልፋል። የወይራ ዘይት ግን በአልኮል ይጠረጋል። ይህን ሁሉ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ ለኔ በስዋሂሊ ነገሩን። የሎሽኑን ነገር ለአዲስ ሠራተኛ የምታስተምረው ልጄ ራሷ ናት። ሰኞ ዕለት ግን ጭንቅላቷ የሎሽን ትምህርት ላይ አልነበረም።

“ሎሽን እንዳልሆነ ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ካገኘነው ሰዓት ጀምሮ። ማስኬን ዝቅ አድርጌ አሸተትኩት። ይህን ሽታ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።”

ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ወንበር ነበረ፤ ባይኖርም እቀመጥ ነበር። ረቡዕ ዕለት ዓይኗን ከፍታ የጠበቀችው ማንን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ዕቃዋን ዕውር ላደርግባት የነበርኩት እኔ መሆኔን እያወቀች፣ እኔን አሳልፋ ላለመስጠት ሥራዋን ልትሰጥ ነበር። ስለ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሰዓት የነገረችኝም ለወሬ አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ አንድ ቅጽ አወጡና ይሞሉ ጀመር። ምን እየጻፉ እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ልጄ በትከሻቸው በኩል አይታ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። “የብክለቱ ምንጭ፦ ለምግብ የሚሆን የወይራ ዘይት፣ ከጽጌረዳ ሽቶ ጋር። ምክንያት፦ ጸሎት። ዳግመኛ እንዳይደርስ የሚወሰድ እርምጃ፦ የጎብኚ ኪስ ይፈተሻል።” ትክክል ነው አልኩ።

ልጄን ሁለት ሳምንት ከድንኳኑ አገዷት። የነካ ሰው አይደለም የሚቀጣው፣ የዋሸ ነው አሉ። ከቡድኑ ግን አልወጣችም። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ አፉን በፕላስተር አሽገው መለሱልኝ። “ማማ፣ ከሄደ በኋላ ጸልዪለት” አሉኝ። “ከሩቅ።”

ማታቱ ውስጥ ሙዚቃው እንደተለመደው ጆሮ ይበሳ ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?”

ኪሴ ውስጥ የታሸገውን ጠርሙስ አገላበጥኩ። ቀጥላ “እኔ ብነግራቸው ሳተላይት ያበላሸችው ማማ ሆነሽ ትቀሪያለሽ” አለች። “ራስሽ ብትነግሪያቸው ግን መጥታ የነገረችው ማማ ነሽ። ኢትስ ዲፈረንት።”

“ይቅር በይኝ” አልኳት። እኛ ልጆቻችንን ይቅርታ አንጠይቅም፤ ስናጠፋ ምግብ እናቀርብላቸዋለን። ስለዚህ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለኔም ባዳ ሆነብኝ። እሷ “ሳዋ” አለችኝ፤ እሺ ማለት ነው። ከዚያ እስከ ካሳራኒ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ለጸሎት ቡድኑም ተናዘዝኩ። ረጅም ወንድ የታያት እህት አንድ ጊዜ ብቻ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሽማግሌው ግን ተስፋ አልቆረጡም። ዕቃውን ለማጽዳት ሲፈቱት ውስጡ የተሰነጠቀ ነገር አልተገኘም ወይ፣ እግዚአብሔር በዘይቱ ምክንያት ያሳያቸው ጉድለት የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልጄን ጠይቄ መልሱን አመጣሁላቸው፤ ምንም አልተገኘም፣ ንጹሕ ነበር። እሳቸው እስካሁን በደንብ አልፈለጉም ነው የሚሉት። የመልአኩም ወሬ የተነሣው ከዚያ አካባቢ ይመስለኛል።

ዕቃው ዛሬ ሰማይ ላይ ነው። ዓይኑ ያያል። በቀን ብዙ ጊዜ ምድርን ይዞራል፤ አንዳንዴ በአዲስ አበባ ላይም ያልፋል፤ ወረቀት የጠየቀው የለም።

ታሽጎ ከናይሮቢ የወጣው አንድ እሁድ ዕለት ነበር። ልጄ ከሰዓት በኋላ ቤት ገባች፣ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

“ዕቃው እንዴት ዋለ?”

“ሄደ” አለች። ቀጥላም፣ “ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት አንድ የመጨረሻ መጥረግ አለ። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰጠው። ለኔ ሰጡኝ።”

“የቱን ጠረግሽ?”

“ግንባሩን።”

በአልኮል እንደሆነ ጠየቅኳት። በአልኮል ነው አለች። ሁለቴ ነው ወይ አልኳት። ሦስቴ ነው አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አወለቀችና ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች፤ ዐሥራ አራት ዓመት ከሞላት ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ጠርሙሱ ከነፕላስተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ተውኩት። ግንባሯን በባዶ እጄ ነካሁት።